አሠልጣኝ ከመያዝህ አስቀድሞ

ባለፈው ሰሞን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከሥራ ስንወጣ መንገድ ላይ አግኝቶ አንድ ነገር አማከረኝ። በመሥሪያ ቤቱ ቡድን መሪ ሆኖ ከተሾመ አራት ወር ሆኖታል። «የሕይወትና የአመራር አሠልጣኝ ልያዝ ወይስ ገንዘቤን ላስቀምጥ? አንተ ሞክረኸዋል ይባላልና ንገረኝ» አለኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡና እየጠጣን መልሼለት በተለያየን ነበር። ነገር ግን ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጣው ወጣትና በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የተሰጠው ጀማሪ ሹም ሁሉ ይህንኑ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ መልሴን በአደባባይ መስጠት የሚሻል መስሎ ታየኝ።

«ኮቺንግ» የሚባለውን ማስታወቂያ በስልኩ ላይ የማያይ ወጣት የለም። አንዱ በጥቂት ቀን ሕይወትህን እለውጣለሁ ይላል፤ ሌላው መሪ ሆነህ ተፈጥረሃል እያለ ያወድሳል። ሰውም የሚጠይቀው «ጥሩ አሠልጣኝ ማን ነው?» እያለ ነው። «እኔስ ለዚህ ነገር ደርሻለሁን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ የፊተኛው ከንቱ ነው።

አስቀድመን የቃሉን ነገር እንመልከት። በሃንጋሪ አገር ኮች የምትባል መንደር አለች። በዚያች መንደር ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይሠራ የነበረው ምቹ የፈረስ ሠረገላ በአውሮፓ ስለ ታወቀ፥ ሠረገላው በመንደሪቱ ስም ተጠራ። በ19ኛው መቶ ዓመት የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በቀልድ «ኮች» አሉት፤ ጭኖ ከፈተናው ማዶ ያደርሰናል ማለታቸው ነው። ከዚያ ቃሉ ወደ ስፖርት ሜዳ ገባ። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቲሞቲ ጋልዌይ ስለ ቴኒስ በጻፈው መጽሐፍ፥ ተጫዋቹን አብዝቶ የሚፈታተነው በገዛ ልቡ ውስጥ ያለው ጥርጣሬና ጭንቀት መሆኑን አስረዳ። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ይህን ሐሳብ ወደ መሥሪያ ቤት አምጥቶ በ1992 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣበት። መጽሐፉ በሰፊው ያስተዋወቀው አካሄድ አራት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ምን ትፈልጋለህ? አሁን ያለኸው የት ነው? ምን ምን መንገድ አለህ? ከነዚህስ የትኛውን ታደርጋለህ?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል። ከአራቱ ጥያቄዎች አሠልጣኙ የሚመልሰው አንድም የለም። መላሹ አንተ ነህ። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዐዲስ ዓመት ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ኒስካነን ለዚያ ድል ብዙ ደክሟል፤ ውለታውም አይረሳም። ነገር ግን በዚያች ምሽት ከአበበ ፈንታ አንዲት እርምጃ እንኳ ሊራመድለት አይችልም ነበር። እግሩ የአበበ፥ መንገዱም የአበበ ነው።

በእኛ ቋንቋ ግን አንድ ችግር አለ። የእግር ኳሱንም፥ የአዳራሹንም፥ የዚህንም ሙያ ሰው «አሠልጣኝ» እንለዋለን። ስለዚህ «ሥልጠና» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ያለ የሆቴል አዳራሽ፥ የሻይ ዕረፍት፥ አበልና በመጨረሻ የሚታደል የምስክር ወረቀት ነው። በአዳራሽ ሥልጠና አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ሦስት ቀን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ማንም አይነቃበትም። አሁን የምናወራለት ግን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነው። የኋላ ወንበር የለውም። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል። እኔም አንዱ ነበርሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አምስት ሠራተኞች ባሉበት አንድ አነስተኛ ክፍል ላይ ኀላፊ አደረጉኝ። ከአምስቱ አራቱ በዕድሜ ይበልጡኛል። መሥሪያ ቤቱም ለጀማሪ ኀላፊዎች አሠልጣኝ ስለ ቀጠረ፥ ለእያንዳንዳችን ስድስት ቀጠሮ ተሰጠን። አሠልጣኜ ዕድሜያቸው የገፋ፥ ዝምታ የሚያበዙ ሴት ነበሩ። በሦስቱ ቀጠሮዎች የሠራተኞቼን ስንፍና ዘርዝሬ ነገርኋቸው፤ አንዱ ያረፍዳል፥ አንዷ ታኰርፋለች፥ አንዱ ፋይል ይደብቃል እያልሁ። እርሳቸው አዳምጠው ሲያበቁ «በዚህ ሳምንት አንተ ምን አደረግህ?» ይሉኛል። «እያንዳንዳቸውን ጠርቼ አነጋገርሁ» እላለሁ። ውሸት ነው። በሬን ዘግቼ ነበር የከረምሁት።

በአራተኛው ቀጠሮ ያው ጥያቄ ሲመጣ መዋሸቱ ሰለቸኝና እውነቱን ተናገርሁ። ሃያ ዓመት የሚበልጥ ያገለገሉ አንዲት ወይዘሮ ያረቀቁትን ደብዳቤ በቀይ ቀለም ሰርዤ፥ በሰው ሁሉ ፊት ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቂቁን የሚያሳየኝ ሠራተኛ ጠፋ። አሠልጣኜ አልተቈጡም፤ አላጽናኑኝምም። «ደብዳቤው ስሕተት ነበረው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። ደብዳቤው ምንም ስሕተት አልነበረውም። የመንግሥት ደብዳቤ አጻጻፍ እኔ በሚገባ አላውቅም ነበር፤ አለማወቄ እንዳይታወቅ ቀድሜ ጮኽሁ።

በማግሥቱ ወይዘሮዋን በዚያው ክፍል፥ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አጻጻፉንም እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፥ በሰው ፊት የወሰድህብኝን በሰው ፊት መለስህልኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተቃና ብዬ ብጽፍ እንደገና መዋሸት ይሆንብኛል። ከአምስቱ አንዱ እስከ መጨረሻው ፊቱን አልፈታልኝም። ረቂቆቹ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ተመለሱ። የተጠቀምሁት በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ነው፤ የፊተኞቹን ሦስት ያጠፋኋቸው እኔው ነኝ። አሠልጣኟ ከመጀመሪያውም እስከ መጨረሻው ያው ነበሩ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ይህ የጀማሪ ነገር ነው፥ ዐዋቂ ሰው አሠልጣኝ አያስፈልገውም የሚል ቢኖር በቦስተን ከተማ ይሠራ የነበረውን የቀዶ ሕክምና ሐኪም አቱል ጋዋንዴን ይመልከት። ጋዋንዴ ስመ ጥር ሐኪም ከሆነ በኋላ ሥራው ከዓመት ዓመት መሻሻሉ የቆመ መስሎ ታየው። ስለዚህ ጡረታ የወጣ የቀድሞ መምህሩን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቶ እንዲመለከተው ጠየቀው። ሽማግሌው ሐኪም ከጥግ ቆሞ ማስታወሻ ሲይዝ ዋለ። በኋላም የጋዋንዴ ክርን ከሚገባው በላይ ከፍ እንደሚል፥ መብራቱም ከቍስሉ ላይ ፈቀቅ ብሎ ሳለ እርሱ ሳያውቀው ለብዙ ጊዜ መቆየቱን ነገረው። ጋዋንዴ ይህን ታሪክ በ2011 እ.ኤ.አ. ራሱ ጽፎ አሳተመው። በሺህ የሚቈጠር ሰው ያከመ ሐኪም ክርኑን ለሌላ ዐይን ማሳየት ካላሳፈረው፥ የአራት ወር ቡድን መሪ ምን ያሳፍረዋል?

ታዲያ መድረስህን በምን ታውቃለህ? እኔ አራት መለኪያ አለኝ። አንደኛ፥ የምታመጣው ጉዳይ በእጅህ ያለ ይሁን። የደመወዝ እርከን፥ የቤት ኪራይ፥ ከላይ የመጣ መመሪያ ከአሠልጣኝ ጋር በመነጋገር አይለወጥም። በስብሰባ ላይ መናገር አለመቻልህ፥ ሥራ ለሰው አምነህ አለመስጠትህ፥ ሁለት መንገድ ፊትህ ተዘርግቶ አንዱን አለመምረጥህ ግን የአንተ ነው። ሁለተኛ፥ ችግርህን የሌላ ሰው ስም ሳትጠራ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ትችላለህን? ዐረፍተ ነገሩ «አለቃዬ» ወይም «ቤተሰቦቼ» ብሎ ከጀመረ ገና ነህ። ሦስተኛ፥ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ የተስማማህበትን የምትፈጽምበት ጊዜ አለህን? ፈተና የደረሰበት ተማሪ ፈተናውን ይጨርስ፤ አሠልጣኙ የትም አይሄድም። አራተኛ፥ ያልጠበቅኸውን ነገር ለመስማት ፈቃደኛ ነህን? ቀድመህ ወስነህ ጭብጨባ ብቻ የምትፈልግ እንደ ሆነ ለወዳጅህ ቡና ጋብዘው፤ ይረክሳል።

እነዚህን ያላሟላ ሰው ተስፋ ይቍረጥ ማለቴ አይደለም። ምናልባት የሚያስፈልገው በር ሌላ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣ፥ ምግብ ያስጠላው፥ መኖር የመረረው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ይህ ለአሠልጣኝ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም። የበጀት አያያዝ የማያውቅ ኀላፊ የሚያስፈልገው ትምህርትና የቆየ ባልደረባ ነው። የተበደለ ሠራተኛ አቤቱታ ያቅርብ፤ በደልን ታግሦ እንዲኖር የሚያለማምድ አሠልጣኝ አይሻ።

«በአገራችን ሽማግሌ ሞልቶ ሳለ ለምን እንከፍላለን?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ነገሩ እውነትነት አለው። ሽማግሌ አባትህንም እናትህንም ያውቃል፤ ፍርድም ይሰጣል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ነገር ግን ወሬው እቤት እንዳይደርስ ብለን ከሽማግሌ የምንሸሽገው ነገር መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። አሠልጣኝ ባዕድ ነው፤ ፍርድ አይሰጥም። ፍርድ ሳያስቀድም የሚጠይቅህና ምስጢርህን የሚጠብቅ ታላቅ ሰው በመሥሪያ ቤትህ ወይም በሰፈርህ ካለህ ግን አሠልጣኝ በነጻ አግኝተሃልና እጁን ሳመው።

የተዘጋጀህ እንደ ሆነም ዐይንህን ጨፍነህ አትግባ። ይህ ሙያ በአብዛኛው ዓለም እንደ ሕክምናና እንደ ጥብቅና የመንግሥት ፈቃድ የሚጠየቅበት አይደለም፤ ማንም ተነሥቶ አሠልጣኝ ነኝ ሊል ይችላል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሙያው ማኅበር ለአሠልጣኞች ሦስት ማዕርግ ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው ቢያንስ 100፥ ለሁለተኛው 500፥ ለሦስተኛው 2,500 ሰዓት ሰው ማሠልጠንን ይጠይቃል። ስለዚህ «ማን አስተማረዎ? ስንት ሰዓት ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ውጤቱን አስቀድሞ በእርግጠኝነት ቃል ከሚገባልህ ሽሽ። ከሁሉ ይልቅ ከፋዩ መሥሪያ ቤትህ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከምትናገረው ውስጥ ወደ አለቃህ የሚደርስ መኖር አለመኖሩን ሦስታችሁም ባላችሁበት ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት አስወስን። ምስጢሩ ካልተጠበቀ እውነት አትናገርም፤ እውነት ካልተናገርህም እንደ እኔ ሦስት ቀጠሮ ታቃጥላለህ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ሁለተኛውን መለኪያ እዚያው መንገድ ላይ ሰጠሁት። «ዋና ክፍል ኀላፊው» ብሎ ጀመረ፤ አስቆምሁት። «ልጆቹ» ብሎ ጀመረ፤ ደግሞ አስቆምሁት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስብሰባ መምራት እፈራለሁ» አለኝ። ለአሠልጣኝ ይክፈል አይክፈል እስከ አሁን አልወሰነም። ይሁን እንጂ ከአንዱ ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበት ነገር አግኝቷል።

ዛሬ እሑድ ነው። አንተም ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ጋዜጣውን ከማጠፋችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙና ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። የማንም ስም አይግባበት። መጻፍ ከቻላችሁ ደርሳችኋል፤ ካልቻላችሁም እስከ ሚመጣው እሑድ ያለውን ጊዜ ለርሱ ስጡት፤ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።