ደንበኛው ማነው?

የሶፍትዌር ሥራ የሚማር ተማሪ ሁሉ «አጃይል» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይመረቅም። ቃሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 በአሜሪካ፥ በዩታ ግዛት፥ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ የተሰበሰቡ 17 የሙያው ሰዎች ባወጡት አጭር መግለጫ ነው። መግለጫው ከአሠራር ሥርዓትና ከመሣሪያ ይልቅ ሰዎችንና መግባባታቸውን፥ ከተንዛዛ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌርን፥ ከውል ክርክር ይልቅ ከደንበኛ ጋር መተባበርን፥ ዕቅድን ከመከተል ይልቅ ለለውጥ ምላሽ መስጠትን ያስቀድማል።

ሐሳቡ መልካም መሆኑን አንክድም። ጸሐፊዎቹም ሰነድና ውል ዋጋ የላቸውም አላሉም፤ ሌላው ይበልጣል አሉ እንጂ። ከመካከላቸው አንዱ ዴቭ ቶማስ በ2014 ቃሉ ትርጉሙን አጥቶ የአማካሪዎች መነገጃ ሆኗል ሲሉ ጽፈዋል። ይህ የተከታዮቹ ጥፋት ነው ሊባል ይቻላል። የእኛ ጥያቄ ግን በመግለጫው በራሱ ላይ ነው፤ ደንበኛ የተባለው ማነው?

ደንበኛ ማለት አዝዞ የሚከፍለው ነው። ዕለት ዕለት በሶፍትዌሩ የሚሠራው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ በቅርንጫፎቹ የተከለው ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሌለ የገንዘብ ጉድለት ያሳይ ነበር። በዚሁ ሳቢያ እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም አሉ። ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ በሕግ የሻረው በ2024 ነው።

ሆራይዘን ከመግለጫው በፊት የተሠራ ስለሆነ ጥፋቱን በአጃይል ላይ አናላክክም። ይሁን እንጂ ደንበኛው ፖስታ ቤቱ ነበር፤ «ሶፍትዌሩ ተሳስቷል» እያሉ የጮኹት ግን ተጠቃሚዎቹ ነበሩ። ከደንበኛው ጋር ብቻ መተባበር ለእነርሱ ምን ይፈይድላቸው ነበር? በ2019 በፍርድ ቤት እውነቱ እንዲወጣ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ የሶፍትዌሩ ባለሙያዎች የመዘገቡት የስሕተት መዝገብ ነው። የተናቀው ሰነድ ለደካማው ጋሻ ሆነ ማለት ነው።

ተጠቃሚው በሌለበት ስብሰባ ችግሩን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ላይ አምስተኛ ይጨመር እንላለን፤ ይኸውም ከከፋዩ እርካታ ይልቅ የተጠቃሚው ደኅንነት ይቅደም የሚል ነው። ነገ በዚህ ሙያ የምንሰማራ ተማሪዎችም ሥራ ስንጀምር አስቀድመን «ይህ ሶፍትዌር ቢሳሳት የሚጎዳው ማነው? እርሱንስ ማን አነጋገረው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።