ፏፏቴ በግቢ ውስጥ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ መንገድ ዳር ፏፏቴዎች ስለተሠሩ፥ አመሻሽ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ለማየት የሚወጡ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ካዩ በኋላም «እኛስ በግቢያችን ትንሽ ቢጤ ብናደርግ» የሚል አሳብ ይመጣል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው የውሃ ድምፅ ዕረፍት ነው፤ ስሙ «በረሃ» ለሆነ ሰፈርማ ይበልጥ ይገባዋል። ነገር ግን ውቤ በረሃና አካባቢው ከፈረሰው የተረፈው አሮጌ ግቢ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ነው። ቧንቧው አንድ፥ ቆጣሪው አንድ፥ ልጆቹ ብዙ። ስለዚህ ውበቱ ከመታሰቡ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ፥ የመብራቱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል፥ ሕፃን ቢወድቅበት ምን እንደሚሆን መነጋገር ያስፈልጋል።

ከመጨረሻው እንጀምር። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። አፉንና አፍንጫውን የሚሸፍን 5 ሣንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ስለሆነ፥ አንዴ ከተደፋ ቀና ማለት ይሳነዋል። ብዙውን ጊዜም ድምፅ አያሰማም። እናት ወጥ አማስላ እስክትመለስ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ አደጋ ነው። በዚህም ምክንያት ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ክፍት ገንዳ ያለው ፏፏቴ ጨርሶ ባይሠራ እንመርጣለን። «ልጆቹን እንጠብቃለን» ማለት ብቻውን አያስተማምንም፤ በጋራ ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ሌላው የሚጠብቅ ይመስለዋልና።

ደግነቱ ውሃው የማይታይበት አሠራር አለ። መሬቱ ተቆፍሮ አንድ የፕላስቲክ በርሜል እስከ አፉ ይቀበራል። አፉ በፌሮ በተበየደ ጠንካራ መረብ ይከደናል። መረቡ አዋቂ ሰው ቢቆምበት የማይጎብጥ፥ ቀዳዳውም የሕፃን እግር የማያሾልክ መሆን አለበት። በላዩ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል። በርሜሉ ውስጥ የተቀመጠው ፓምፕ ውሃውን በቀጭን ጎማ ወደ ላይ ይገፋል፤ ውሃውም በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ፓምፑን ለማውጣት እንዲቻል የመረቡ አንድ ጥግ የሚከፈት ይሁን፤ አዋቂ ብቻ በሚፈታው ብሎን ይታሰር።

ለመፍሰሻው ከሱቅ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። አንገቱ ተሸርፎ ከአገልግሎት የወጣ እንስራ ከሥሩ ተበስቶ ጎማው ቢገባበት፥ ቀዳዳውም በደንብ ቢደፈን፥ ውሃው ከአፉ ሞልቶ በገላው ላይ ሲወርድ ከተገዛው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። የጎማው ጫፍ እስከ እንስራው አፍ አካባቢ ከፍ ይበል። አለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር እንስራው የያዘውን ሁሉ ወደ በርሜሉ ይመልሳል። እንስራው በውሃ ልክ ተስተካክሎ ካልቆመ ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ይወርዳል። ግርጌውም ልጅ ቢንጠለጠልበት እንዳይገለበጥ በሲሚንቶ ይያዝ።

ስለ ውሃው ስናነሣ፥ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ የተጠለፈ ውሃ በቧንቧ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ፥ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣቱ የከተማውን ሰው አስደንቆ ነበር። ምሥጢሩ የእንጦጦ ከፍታ ነው። ዛሬም ከፍ ካለ ሮቶ በጎማ የወረደ ውሃ ያለ ፓምፕ ሽቅብ ይፈነጥቃል። ሆኖም የፈሰሰው ራሱን ችሎ ወደ ሮቶው አይመለስምና ይህ መንገድ ለቤት አይሆንም። ጎረቤት ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃ ሲጠብቅ ውሃ መልቀቅ ያስወቅሳል፤ ቢያስወቅስም ተገቢ ነው።

ባለ 200 ሊትር በርሜል ለመሙላት 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠይቃል። ይህን ግን ከቧንቧ መቅዳት ግድ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት 15 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 300 ሊትር ይወርድለታል፤ ከዚህ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ በርሜሉ ይሞላል። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚይዝ ይደፋ። ሳሙና የነካው እጣቢ አይጨመርበት፤ አረፋ ያበዛል፥ ውሎ አድሮም ይሸታል። በበጋ ፀሐይ የሚተነውን ለመተካት በየጥቂት ቀኑ መጨመር ያስፈልጋል።

ፓምፑ ትንሽ ቢሆን ይበቃል። ባለ 25 ዋቱ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በወር የሚፈጀው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪ ለሚጋሩ ጎረቤቶች ይህን አስቀድሞ መንገር ብዙ ንትርክ ያስቀራል። ሲገዛም ውሃውን የሚገፋበት ከፍታ ይታይ፤ 1 ሜትር ለማውጣት 2 ሜትር የሚለውን መግዛት ይሻላል። በፕላስተር የተቀጠለ ሽቦ ውሃ አጠገብ አይታሰብ። ሶኬቱ ከዝናብ የተከለለና ልጅ የማይደርስበት ይሁን። መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲሾልክ ወዲያው በሚያቋርጥ ብሬከር ይለፍ። ይህ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ሶኬቱ ይነቀል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው፤ ግን አይቋረጥም። ፓምፑ ዝቃጭ እንዳይስብ በጡብ ላይ ይቀመጥ፤ ውሃ አልቆበት ከሠራም ይቃጠላልና የውሃው መጠን በእንጨት ይለካ። ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ፏፏቴው ጥላ ቢያገኝ ድንጋዩ ቶሎ አረንጓዴ አይለብስም። በዓመት ሁለት ጊዜ በርሜሉ ባዶ ሆኖ በብሩሽና በበረኪና ይፈተግ፤ ወፎች ስለሚጠጡት በሚገባ ይለቅለቅ። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከሆምጣጤ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግ።

ቢምቢ የምትራባው በቆመ ውሃ ነው። እንቁላሏ ተፈልፍሎ ክንፍ እስኪያወጣ እንደ ሙቀቱ ከአንድ ሳምንት ትንሽ አነስ ወይም በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፓምፑ ለቀናት ከቆመ ውሃው ለአበባው ይጠጣ፤ ቤተሰቡ ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲሄድም ፓምፑ ታጥቦ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፥ መረቡ ግን በርሜሉ ላይ ታስሮ ይቆይ።