ወፏም ላሟም የሚፈልጉት አንድ ሣር ነው

«ለአንዲት ቡናማ ወፍ ብለህ ነገሌ ቦረና ድረስ ሄድክ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። በኮሜንት ስለማያልቅ እዚሁ ልመልስ።

አዎ፣ ሄጃለሁ። ወፏ የሊበን ላርክ ትባላለች። ዛሬ በዓለም ላይ የምትታወቀው በሁለት አካባቢ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እኛው አገር ናቸው፦ ነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳና ጅግጅጋ አካባቢ። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ የአፍሪካ ወፎች አንዷ ናት። ላባዋ ከደረቀ ሣር አይለይም። ሁለት ጠዋት ሙሉ ፈልገን ያየነው አንድ ወንድ ብቻ ነው፤ እየዘመረ ከሣሩ በላይ ጥቂት ከፍ አለና ተመልሶ ገባ። በቃ። እሱንም ያገኘነው አንድ እረኛ ሣሩ የት እንደሚረዝም ስላሳየን ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ሰው እየተቸገረ ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለውን አልቀበልም። ይቺ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። ሜዳው ግን ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉን ቁጥቋጦ ውጦታል፣ የቀረው ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይጋጣል። ድሮ አርብቶ አደሩ ቁጥቋጦውን በእሳት ይቆጣጠር ነበር፤ ኋላ ማቃጠል ተከለከለ። እንግዲህ ወፏ ያጣችው ሣር ላሟም ያጣችው ሣር ነው። ወፏ ከሜዳው ስትጠፋ የልጆች ወተትም አብሮ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ይሄ ቅንጦት ነው?

መፍትሔው ደግሞ እዚያው አለ። ቦረናዎች ካሎ የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው፤ የግጦሽ መሬት ከልለው ለጥጃና ለክፉ ቀን ያቆያሉ። በሊበን ሜዳም ካሎ ሲከለል ሣሩ ሲያገግም ታይቷል። ለጥጃ የተከለለ ሣር ለወፏም መደበቂያ ይሆናል።

ስለዚህ ልታዩዋት የምትሄዱ ወዳጆቼ፦ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ሜዳውን በመኪና አትዳምጡት። ወፏን እያሳደዳችሁ አታስበርግጓት። የአካባቢውን ሰው ክፈሉና ይምራችሁ፤ ሣሩ መቆየቱ እሱንም ይጥቀመው።

የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ፦ ተማሪዎቻችን ዋሊያንና ቀይ ቀበሮን ያውቃሉ። የሊበንን ወፍ ስም ግን ስንቱ ሰምቷል? የነገ የግብርና ባለሙያና አስተዳዳሪ ዛሬ ክፍላችን ውስጥ ነው የተቀመጠው። ያቺ ሜዳ ትታረስ ወይስ ትከለል ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ስሟን ሳያውቅ እንዴት ይቆምላታል?