«ና» ሁልጊዜ ጥሪ አይደለም

ዛሬ ሐሳቤን የማካፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ቃሏ «ና» ናት። አንድ ፊደል ብቻ ናት፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው።

በአማርኛ ወንድ ልጅ ስንጠራ «ና» እንላለን። ሴት ከሆነች «ነይ»፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ «ይምጡ» ነው የሚባለው። ይቺው «ና» ከቃል መጨረሻ ስትለጠፍ ደግሞ ሁለት ነገር ታገናኛለች፤ «ደብተርና እስክርቢቶ» እንደምንለው። በአፋን ኦሮሞ ግን «ና» ማለት «እኔን» ማለት ነው። «ና ገርጋሪ» ሲባል «እርዳኝ» ማለት ነው።

ይህን የጻፍኩት በእረፍት ሰዓት ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር አንድ ልጅ አለ። ልጆች ከበው ሲያበሽቁት «ና ዲሳ! ና ዲሳ!» አላቸው። «ተዉኝ» ማለቱ ነበር። እነሱ ግን «ና ካልከንማ መጣን» እያሉ ይበልጥ ተጠጉት፣ ሳቁም። እሱ ሂዱልኝ ሲል እነሱ ኑ ያላቸው አስመሰሉት። ሳይጠሩት አቤት ማለት እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም።

«ለጨዋታ እኮ ነው» የሚሉ አሉ። ጨዋታ ማለት ግን ሁለቱም ሲስቁ ነው። አንዱ ብቻ ከሳቀ ጨዋታ አይባልም።

ደግሞስ «ና» የማን ቃል ናት? በኮሪያኛ «ና» ማለት «እኔ» ማለት ነው። ለጓደኛ ነው እንዲህ የሚባለው፤ ከትልቅ ሰው ጋር ሲያወሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በሌላ ቃል ይናገራሉ። በሩሲያኛ «ና» ማለት «ላይ» ነው፤ ዕቃ ሲያቀብሉ ደግሞ «እንካ» ማለት ይሆናል። በስዋሂሊ «ባባ ና ማማ» ሲባል «አባትና እናት» ማለት ነው። ልክ እንደኛ!

ታዲያ አማርኛና ስዋሂሊ ዘመዳሞች ናቸው? አይደሉም። አማርኛ ከግዕዝና ከትግርኛ ጋር የሴም ቋንቋ ነው። ስዋሂሊ ከባንቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚነገረው ዙሉም ይህችኑ «ና» ይጠቀማል። የኛና የነሱ የተገናኘው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። አፋን ኦሮሞና ኮሪያኛም «እኔን» እና «እኔ» ብለው የተቀራረቡት በአጋጣሚ ነው።

አጋጣሚው ለምን ይበዛል? እስቲ በሒሳብ እንየው። የፊደል ገበታችን ላይ 33 ፊደላት አሉ፣ እያንዳንዳቸው 7 ድምፅ አላቸው። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል። እንደ «ሀ» እና «ሐ» ድምፃቸው አንድ የሆነውን ስንቀንስ ደግሞ ያንሳል። በዓለም ላይ ግን ከ7000 የማያንሱ ቋንቋዎች አሉ። ሁሉም አጭር ቃል ይፈልጋሉ። «ና» ደግሞ ለአፍ ቀላል ናት። ስለዚህ ብዙ ሰው ቢደርስባት አይገርምም። ድምፁ የሁሉም ነው፤ ትርጉሙን ግን የሚወስኑት የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው።

በእኔ አስተያየት አንድ ሰው በቋንቋው ሲናገር ቃሉን በኛ ቋንቋ መተርጎም ልክ አይደለም። መጠየቅ ነው ያለብን። «ምን ማለትህ ነው?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሀገራችን ውስጥ ከ80 በላይ ቋንቋዎች አሉ። በየቃሉ የምንስቅ ከሆነ ስንቱ ልጅ ዝም ሊል ነው?

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሚኒ ሚዲያችን ጠዋት ሰልፍ ላይ በሳምንት አንድ ቀን «የሳምንቱ ቃል» የሚል ፕሮግራም ይጀምር። አንድ ተማሪ ከቤቱ ቋንቋ አንድ ቃል ይዞ ይምጣና ትርጉሙን ይንገረን። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን በቃል ምክንያት ክፍሉ ሲስቅ «ዝም በሉ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ልጁ ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱ እንዲያስረዳ ዕድል ስጡት፤ ያን ጊዜ እሱ አስተማሪ፣ እኛ ተማሪ እንሆናለን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ የክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል