ከውስጥ የሚከፈት በር

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ በር ቁልፍ ነው። «የፓስተር ሚስትን ከአናጢ ሥራ ጋር ምን አገናኛት?» አትበሉኝ። ነህምያም ስለ ኢየሩሳሌም ቅጥር መታደስ ሲጽፍ፣ በምዕራፍ 3 የበሮቹን ሳንቃ፣ ቁልፍና መወርወሪያ ሳያነሳ አላለፈም።

ያገለገልንባት ነፋስ መውጫ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ብዙ ንብረት ተዘረፈ፤ በሴቶች ላይ የደረሰው ግፍም የብዙዎቻችንን እንቅልፍ ነሳ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ስማዳና እስቴ ሲወጣ አንድ ቁልፍ አልበቃ አለኝ። መወርወሪያ ጨመርኩ፤ በመወርወሪያው ላይ ደግሞ ከውስጥ ጓጉንቸር አደረግሁ።

አንድ የክረምት ሌሊት ብርዱ ሲጠናብን የከሰል ምድጃውን አስገብቼ በሩን ዘጋግቼ ተኛን። ከሰል ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ እያወቅሁ ቸል ብዬ ነበር። ስነቃ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ልጄ ታስመልሳለች። መብራት የለም። የጓጉንቸሩን ቁልፍ በጨለማ ብዳብስ ብዳብስ አጣሁት። በመጨረሻ የመስኮቱን መዝጊያ በዘነዘና ሰብሬ ልጄን ወደ አየር አወጣኋት። ጌታ ይመስገን፣ ተርፈናል። ሌባን ላስቀር ብዬ ግን በገዛ ልጄ ላይ ቆልፌ ኖሯል።

እናም ወገኖቼ፣ የምላችሁ ይህን ነው። ጥሩ ቁልፍ ሌባ ከውጭ የሚቸገርበት፣ ልጅ ግን ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጇ የምትከፍተው ነው። ከሰልማ ከነጭራሹ ወደ መኝታ ቤት አይግባ።

ስትገዙ፦ ከውስጥ በእጅ የሚዞር፣ ከውጭ በቁልፍ የሚከፈተውን ምረጡ። አቅም ካነሰ ጠንካራ የብረት መወርወሪያ ለሌሊት፣ ጓጉንቸር ደግሞ ቤት ጥላችሁ ስትወጡ ከውጭ ብቻ ይሁን። ሰው ያለበትን ቤት፣ በተለይ ሕፃን ወይም አረጋዊ የተኛበትን፣ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብላችሁ ከውጭ አትቆልፉ። ጓጉንቸር ስትመርጡ ከበድ ያለውንና ቀለበቱ ወፍራም የሆነውን ያዙ። እዚያው ሱቅ ሳላችሁ የአንዱን ቁልፍ በሌላው ሞክሩት፤ ርካሾቹ አንዳንዴ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ።

ስታስገጥሙ፦ ከቁልፉ በፊት መቃኑን እዩ። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ፣ ምስጥ የመቃኑን እግር ከበላው ምንም ዓይነት ቁልፍ አያድናችሁም። በምስማር ብቻ የተመታ ማንጠልጠያ በብረት ዘንግ ተፈንቅሎ ይወጣል፤ ብሎኑ ሳንቃውን በስቶ አልፎ ዳዶው ከውስጥ ይታሰር። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ቪቴው ከመግባቱ በፊት ከቪቴው ቀጠን ያለ ቀዳዳ ይበሳ። የቁልፉ ምላስ መቃኑ ላይ የሚገባበትን ቦታ ለማወቅ ምላሱን ጥላሸት ቀቡትና በሩን ገጥማችሁ ቁልፉን አዙሩት፤ ምልክቱ ያረፈበትን በመሮ ቆፍሩ። ሲጨርስ መጀመሪያ በሩ ክፍት እንዳለ ሞክሩት፤ አለዚያ ደጅ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ሲበላሽ፦ ቁልፉ እምቢ ሲል ከመታገላችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ አዙሩት። በሩ ተከፍቶ ደህና ከዞረ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የወረደው በሩ ነው። የማጠፊያውን ቪቴ በካቻቢቴ አጥብቁ። ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ ስንጥር በኮላ ነክራችሁ ክተቱበት፤ ሲደርቅ መልሳችሁ እሰሩ። በጋይንት ክረምት እንጨት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ያን ጊዜ ሳንቃውን አብዝታችሁ ብታስልጉ በበጋ ክፍተት ይተርፋችኋል፤ ምላሱ የሚገባበትን ብረት በሞረድ ጥቂት ማስፋት ይሻላል። በሩ ተከፍቶም የሚያስቸግር ከሆነ አቧራ ገብቶበታል። የወጥ ዘይት አታፍስሱበት፤ አቧራ ይሰበስባል። የእርሳስ ቀለም ፈጭታችሁ በቁልፉ ጫፍ አስገቡለት። ቁልፍ ቢጠፋባችሁ ሲሊንደር ያለው ከሆነ ሲሊንደሩን ብቻ መቀየር ይበቃል።

አሁን ወደ ባልና ሚስት ልመለስ። በአንዳንድ ቤት ቁልፉ በባል ኪስ ብቻ ይዞራል፤ ሚስት ገበያ ውላ ደጅ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ይህ ጥንቃቄ ሳይሆን አለመተማመን ነው። ቁልፍ ሦስት ይቀረጽ፦ አንዱ ለእርሱ፣ አንዱ ለእርሷ፣ አንዱ ለምታምኗት ጎረቤት። ልጆችም መወርወሪያውን በጨለማ መክፈት ይለማመዱ።

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ የሆነውን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ጓጉንቸሩን ከውስጥ ነቅሎ አነሳና፣ «ፈርተሽ እንደምታድሪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ቁልፍ ስደራርብ፣ ፍርሃቴን ለእርሱ የነገርኩት አንድም ቀን አልነበረም። አሁን እርሱ ሲወጣ አንዲት እህት መጥታ ከእኛ ጋር ታድራለች፤ በራችንም በአንድ መወርወሪያ ይዘጋል።

እናንተስ ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ በራችሁን ከውስጥ ለመክፈት ትሞክሩታላችሁ? እስከሚቀጥለው ሰላም ሁኑ።