ስለ ቃላት ትርጓሜ፤ «ፋሚልያ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከላቲን ቋንቋ በተወለዱት ልሳናት ሁሉ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋራ የሚጠሩበት ስም አንድ ነው። ኢጣልያኖች፥ እስፓኞችና ፖርቱጋሎች «ፋሚልያ»፥ ፈረንሳዮች «ፋሚይ»፥ ሩማንያውያን «ፋሚሊየ» ይሉታል። ይህን ስም የሚሰማ ሰው ከጥንት ጀምሮ የወላጅና የልጅ ፍቅር የሚነገርበት ቃል ይመስለዋል። ነገር ግን ሥሩን ለሚመረምር የሚገኘው ነገር ሌላ ነው።

በላቲን «ፋሙሉስ» ማለት አገልጋይ ነው። «ፋሚልያ»ም ከዚሁ የወጣ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ የተነገረው በአንድ ጌታ ቤት ስላሉት ባሮች ነበር። ደግሞም ለጌታው ሀብትና በሥልጣኑ ሥር ለሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ይነገር ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት የሞተው የሮማ ሕግ ሊቅ ኡልፒያኑስ ይህ ስም ለንብረትም ለሰውም እንደሚነገር አስረድቷል፤ የእርሱም ትርጓሜ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ533 ዓ.ም. ባወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። «ፓተር ፋሚልያስ» የሚባለውም የቤቱ አባት በጥንቱ ሕግ በልጆቹ ሕይወትና ሞት ላይ እንኳ ሥልጣን ነበረው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ቃሉ ያስረዳ የነበረው ፍቅርን ሳይሆን ገዢነትን ነው። ሮማውያን ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ለመጥራት ይልቁን «ዶሙስ» ማለትን፥ ይኸውም ቤት ማለትን ያዘወትሩ ነበር።

የሮማ መንግሥት ካለፈ በኋላ ቃሉ በየአገሩ ልዩ ልዩ ዕድል አገኘ። በኢጣልያ ከሕዝቡ አፍ ሳይለይ ቆየ፤ «ፋሚልዮ» የሚለው አሮጌ ስምም አሽከር ማለት ነው። በእስፓኝ ግን ቃሉ ከመጻሕፍት እንደ ተወሰደ ከድምፁ ይታወቃል። ሴት ልጅ ማለት የሆነው «ፊልያ» በሕዝቡ አፍ ሲወርድ ሲዋረድ «ፈ»ን ጥሎ «ኢኻ» ሆኗልና፥ «ፋሚልያ»ም በዚያው መንገድ ቢመጣ ኖሮ «ፈ»ን ባጣ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሩማንያ ነው። በዚያ አገር የጥንቱ ቃል «ፌሜዬ» ሆኖ ዛሬ ሴት ማለት ነው። አስቀድሞ የቤቱ ሰው ሁሉ፥ ቀጥሎ ሚስትና ልጆች፥ ቀጥሎም ሚስት ብቻ፥ በመጨረሻ ማንኛዪቱም ሴት የምትጠራበት ሆነ። ስለዚህ ሩማንያውያን ለቤተሰብ የሚሆን ስም ቢያጡ፥ «ፋሚሊየ»ን በኋላ ዘመን እንደ ገና ከውጭ ተዋሱ። ቋንቋቸው ከላቲን ያልተወለደው አልባንያውያን ደግሞ ያንኑ ቃል ተውሰው «ፈሚየ» ሲሉ ሕፃን ማለታቸው ነው። አንዱ ሕዝብ ቤቱን በሴቲቱ፥ ሁለተኛው በሕፃኑ አየው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። ቃሉ ከጌትነት ወደ ፍቅር በተሻገረ ጊዜ ስሙን የሰጠው አገልጋይ ራሱ ከውስጡ ወጥቶ ቀረ። ዛሬ በፓሪስ ወይም በሮማ «ፋሚልያ» ሲባል አሽከርና ገረድን የሚያስብ የለም።

የእኛ «ቤተ ሰብ» ከግእዙ «ቤተ ሰብእ» የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የሰው ቤት፥ የቤት ሰው ማለት ነው። ጌታና ሎሌ ብሎ አይለይም። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ በየቤታችን ግን እሳት የምታነድ፥ ሕፃን የምታዝል፥ በር የሚጠብቅ ሰው ዛሬም አለ። እነዚህ ከጣራችን በታች ያድራሉ፥ በሐዘናችን ያለቅሳሉ፥ በደስታችን ይደክማሉ። ቤተ ሰብህ ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ አባወራ ሲቈጥር እነርሱን ቢዘልል የቃሉን ፍቺ ያጐድላል። ደመወዛቸውን በጊዜው የሚከፍል፥ ሲታመሙ የሚያሳክም፥ በስማቸው የሚጠራቸውና ልጆቹም እንዲያከብሯቸው የሚያስተምር እርሱ ግን ቤተ ሰብ የሚለውን ቃል በሥራ ተረጐመው።