ሸማ በየፈርጁ ይላክ

ባለፈው ወር ወደ አሜሪካ የላክሁት ነጠላ ተመልሶ መጣ። ጥቅሉን ስፈታው አጣጥፌ እንዳስቀመጥሁት ነበር፤ ጥለቱ ላይ ጣል ያደረግሁት ስስ ወረቀት እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያዘዘችኝ ልጅ ለእናቷ ልደት አስባው ነበር። ዕቃው ደጇ ሲደርስ ያልጠበቀችውን ቀረጥ ክፈይ ተባለች፤ አልከፍልም ብላ መለሰችው። አልፈርድባትም፤ አስቀድሜ ያልነገርኋት እኔ ነኝ።

ነጠላው ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉን አንዲት እናት በእንዝርት ፈትለውታል። ከጋሞ ደጋ የመጣው ሸማኔ እግሮቹን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ቀናት ደክሞበታል። ዘርፉን የቋጨሁት እኔ ነኝ፤ ክሩን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ለይቼ፣ ጉልበቴ ላይ አሽቼ፣ መልሼ አንድ ላይ ገምጄ። የአንዱ ጫፍ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ባሕር ተሻግሮ ያለ ገዢ የተመለሰው የሦስት ሰው ድካም ነው።

ለዓመታት ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ይህ ቀርቷል። ለጥጥ ሻርፕና ለመሰል ልብስ መደበኛው ታሪፍ ብቻ 11.3 በመቶ ነው። በእጅ ለተሸመነ ጨርቅ የራሱ ምድብ የነበረው አጎዋም፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተዘግቷል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ፣ ዋጋው ትንሽም ቢሆን፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል። ትልቁ ላኪ ይህን የሚከታተልለት ሠራተኛ አለው። ብቻዋን የምትሠራ ሴት ግን የምታውቀው ዕቃው ሲመለስባት ነው።

የተመለሰውን ጥቅል ይዤ ያዩኝ ሁሉ አንድ ምክር ሰጡኝ፦ «ስጦታ ነው ብለሽ ጻፊ፤ ዋጋውን 10 ዶላር አድርጊው።» በቅንነት እንደመከሩኝ አውቃለሁ። ነገር ግን እንዲህ ተብሎ የተላከ ዕቃ መንገድ ላይ ቢጠፋ በ10 ዶላር ነው የምንከራከረው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ በገዛ እጃችን የሸማኔውን የቀናት ሥራ 10 ዶላር ያወጣል ብለን መፈረማችን ነው። የሙያችንን ዋጋ ራሳችን እንዲህ ከጻፍን ሌላው ከፍ አድርጎ እንዲያየው በምን አፍ እንጠይቃለን?

እኛ እውነቱን ብንጽፍም መንገዱ ለእኛ የተሠራ አይደለም። አባቶች ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ይላሉ። አንድ ኮንቴይነር ቡና የሚልክ ነጋዴና አንድ ነጠላ የምትልክ ሴት በአንድ ዓይነት የባንክ ፈቃድና ሰነድ መመዘን የለባቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ላኪዎች ከገቢያቸው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ እንዲይዙ ተፈቅዶላቸዋል። መልካም ነው። ይሁንና ክፍያው በየት በኩል ይምጣልኝ? የኢንተርኔት ገበያዎቹ ገንዘብ የሚያደርሱባቸውን አገሮች ዝርዝር ሳይ የአገሬን ስም ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዕቃውን በመንገደኛ ሻንጣ እንልካለን፤ ገንዘቡም ውጭ ባለ ዘመድ ሒሳብ ይገባል። ሸማኔውም፣ ፈታይዋም፣ አገርም በዚህ ሒሳብ ውስጥ የትም አይጻፉም።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ጥያቄዬም ከዚያው ከፖስታ ቤት መስኮት አይርቅም፦ ለአነስተኛ የእጅ ሥራ ላኪ አንድ አጭር ፎርም፣ የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር የሚያሳይ አንድ ሠራተኛ፣ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ክፍያን ያለ ረጅም ሰነድ የሚቀበል አንድ የባንክ ሒሳብ። እኛ ሻጮቹም የቤት ሥራ አለን፦ ልኩንና ክብደቱን በትክክል መጻፍ፣ የቀናችንን ዋጋ ማስላት፣ ቀረጡን ለገዢው አስቀድሞ መንገር።

ይህን በራሴ ጀምሬዋለሁ። ለልጅቷ የነጠላውን፣ የፖስታውንና የቀረጡን ዋጋ ለየብቻ ዘርዝሬ ጻፍሁላት። በማግስቱ «ላኪልኝ፤ ልደቱ ቢያልፍም ለእናቴ ነው» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ ፎርሙ ላይ ስሜንና እውነተኛውን ዋጋ ጻፍሁ። «ስጦታ» የሚለውን ሳጥን አልፌ «የሚሸጥ ዕቃ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።